እንግዳ ሆኖ የተመለሰው አህያ

አንድ ጊዜ፣ እርጥቤ የሚል ስም ወጥቶላት እርጥበት ካየች ግን ብዙ ዘመን ያለፋት ሸለቆ ነበረች። ድሮ በመካከሏ ወንዝ ያልፍባት ነበር። ወንዙ ደረቀና አሸዋው ብቻ ቀረ። በዳሩ የነበሩት ዛፎችም ተራ በተራ ወደቁ፤ ከትልቁ ዋርካ እንኳ የተረፈው ጉቶው ነው። ለአገሬው እንስሳ ሁሉ የቀረችው ውሃ አንዲት ኩሬ ነበረች። እሷንም አያ ጅቦ አፏ ላይ ተጋድሞ «ጠባቂዋ እኔ ነኝ» አለ። ከማን እንደሚጠብቃት የጠየቀው አልነበረም። ቢኖርም በማግስቱ አይገኝም።

ዳልቻ የሚባል አህያ ከእርጥቤ የተሰደደው ያን ጊዜ ነው። እናቱ ውሃ ልትጠጣ ወደ ኩሬዋ እንደወረደች ቀረች። ዳልቻና ታላቅ እህቱ ቦራ መንገዱን ሲያዩ ሲያዩ ዋሉ። በመጨረሻ ዳልቻ፣

«እታለም፣ ተነሺ እንሂድ» አላት።

«ሁላችንም ከሄድን አገሩን ለማን ነው የምንተወው?» አለች ቦራ።

«ቆይተን ከሚበላን ብንተውለት…»

«አንተ ሂድ። እኔ እዚሁ ነኝ። ስትመለስ የሚቀበልህ አታጣም።»

እሷ ቀረች፤ እሱ ተራራውን ተሻግሮ ግመሎች አገር ገባ።

የግመሎች አገር የጨው አገር ነው። ሥራ ሞልቷል። ዳልቻም ጨው ሲሸከም ኖረ። ግመሎቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ነገር ግን ስሙን ልያዝለት ብሎ የተቸገረ ግመል የለም። «አጭሩ» ነበር የሚሉት። «አጭሩ፣ ና!»፣ «አጭሩ፣ ተጫን!» ጀርባው ሲላጥ፣ ሲድን፣ ደግሞ ሲላጥ ዓመታት አለፉ። ሲተኛ ሁልጊዜ የሚያልመው እርጥቤን ነው። በሕልሙ ወንዙ ይፈሳል፣ ዋርካው አለ፣ እናቱም ጥላው ሥር ቆማለች። ሲነቃ ምላሱ ላይ ያለው ጨው ነው።

ከግመሎቹ ሁሉ አንድ ሽማግሌ ብቻ ወደደው። አባ ግመል ይሉታል። አንድ ቀን ሁለቱ በደረቀ ወንዝ ላይ ሲያልፉ አባ ግመል ቆመና አፍንጫውን ወደ አሸዋው ደፋ።

«አሽትት» አለው።

«ምንም አይሸተኝም።»

«ጨው የለመደ አፍንጫ እንዲያ ነው። ደግመህ አሽትት።»

ዳልቻ ደግሞ አሸተተ። በመጀመሪያ አቧራ፣ ቀጥሎ ድንጋይ፣ ከዚያ በጣም ከታች፣ ዝናብ የነካው አፈር ሽታ መጣለት።

«የእኛ እግር ለስላሳ ነው፤ አሸዋ ላይ ይሄዳል እንጂ አይቆፍርም» አለ አባ ግመል። «የአንተ ኮቴ ግን ለዚህ የተሠራ ነው። በል ቆፍር። ቀጥ ብለህ አትውረድ፣ ይደረመስብሃል። አፉን አስፋው፣ ተዳፋት አድርገው። ላይኛው አሸዋ ምንጊዜም ደረቅ ነው፤ ብዙዎች እዚያ ላይ ተስፋ ቆርጠው ይሄዳሉ። አንተ ግን ጉልበትህ እስኪገባ አታቁም።»

ዳልቻ ቆፈረ። ቁርጭምጭሚቱ ገባ፤ ደረቅ ነው። አሁንም ቆፈረ። ጉልበቱ ሲገባ አሸዋው ጠቆረ፤ ትንሽ ቆይቶም ውሃ ከሥሩ መመንጨት ጀመረ። ዳልቻ አልጠጣም። ቆሞ አለቀሰ።

«ምነው?» አለው አባ ግመል።

«እኛም አገር እኮ እንዲህ ያለ አሸዋ አለ! እናቴ በውሃ ጥም ነው ወደ ጅብ አፍ የሄደችው። በእግሯ ሥር ነበር ማለት ነው!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዳልቻ የሚኖርለት ነገር አገኘ። ተመልሶ እርጥቤን በየቦታው ሊቆፍር፣ አገሬውን ከአያ ጅቦ ኩሬ ሊያላቅቅ፣ ሣሩን ሊመልስ፣ ዋርካ ሊያስተክል ነው። ጅቡን እየፈራ ጊዜ ይጠብቅ ነበር፤ ሸክሙ ባይቀልለትም ሲሸከም የሚያስበው ነገር አለውና ዘለቀው።

በዚህ መሃል ቀበሮ ጨው ፍለጋ ግመሎች አገር ብቅ አለ። ቀበሮ የአያ ጅቦ አማካሪ ነው። የጅብ አማካሪ መሆን ከባድ ሥራ እንዳይመስላችሁ፤ ፍርፋሪው ጥሩ ነው። ዳልቻም የአገሩን ሽታ ሲያገኝ ልቡ ቦግ አለና የሆዱን ሁሉ ዘረገፈለት፤ ስለ አሸዋው፣ ስለ ኮቴው፣ ስለሚመኘው ሁሉ። ቀበሮ ጆሮውን አቁሞ ሰማና ወደ ኩሬዋ ተመለሰ።

«ውሃ የሚያወጣ አህያ?» አለ አያ ጅቦ። «ወፍራም ነው?»

«አያ ጅቦ፣ ነገሩ እኮ ውፍረቱ አይደለም» አለ ቀበሮ። «ውሃ ካለ ሣር አለ። ሣር ካለ ፍየሉ ይወልዳል፣ በጉ ይደልባል። ይህን አህያ አስመጥተን ቢቆፍርልን ዕድሜ ልክዎን ሲበሉ ይኖራሉ።»

«ገባኝ» አለ ጅቦ። ጥቂት ሲያስብ ቆየና፣ «ግን ወፍራም ነው?» አለ።

ቀበሮ ተስፋ ቆርጦ ሄደ፤ ሥራውን ግን አልተወም። ግመሎች አገር ደርሶ ከዳልቻ ፊት አንገቱን ዝቅ አደረገ።

«ጋሽ ዳልቻ፣ አገርዎ ይፈልግዎታል» አለ። «አያ ጅቦ ራሳቸው እንዲህ ያለ ልጅ እያለን እንዴት በጥም እንሞታለን ብለው አልቅሰዋል። ሸለቆው በሙሉ የእርስዎን መንገድ ነው የሚያየው።»

ዳልቻ በሕይወቱ «ጋሽ» ያለው አልነበረም። እርስዎ የሚባለውም ሌላው እንጂ እሱ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር። ዓመታት ሙሉ አጭሩ ሲባል ለኖረ አህያ ይቺ ቃል ምን ያህል እንደምትጣፍጥ እናንተው ገምቱ። ያኔውኑ ጭነቱን አራገፈ።

አባ ግመል ሊሸኘው ወጣና ዳገቱ ሥር ሲደርሱ፣ «ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ» አለው። «ሳታርፍ፣ ሳትበላ፣ የደረስክ ዕለት ቆፍር። ለብቻህም አትቆፍር። እያዩህ ይማሩ።»

«እሺ፣ አባ ግመል። በእናቴ አጥንት» አለ ዳልቻ። ሲምልም ከልቡ ነበር።

እርጥቤ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ቀበሮ «ብሥራቱን ልናገር» ብሎ ቀድሞ ሮጠ። ዳልቻ ብቻውን ደረቁን ወንዝ ይሻገር ጀመር። ከዋርካው ጉቶ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። አፍንጫውን ደፋ። አቧራ፣ ድንጋይ፣ ከዚያ ያ ሽታ። አባ ግመል እንዳለው ያለ እረፍት መቆፈር ጀመረ። አሸዋው በኋላው ተበተነ። ጉልበቱ ሲገባ ጠቆረ፣ ረጠበ። አንድ ሁለት ጊዜ ቢደግመው ኖሮ ይሄ ተረት እዚህ ላይ ባለቀ ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኝ ባወራሁት።

ልክ ያን ጊዜ ከኮረብታው እልልታ ተሰማ። እንስሳው ሁሉ ተሰልፎ ወጥቷል። ዳልቻ ቀና ብሎ አየ። ዝቅ ብሎም እግሩን አየ፤ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። «እንዲህ ሆኜ ፊታቸው ልቁም እንዴ?» አለ። ደግሞም፣ «ማንም ሳያየኝ ከማወጣው ሁሉም ባሉበት ባወጣው ያምርበታል» ብሎ አሰበ። አሸዋውን በእግሩ መልሶ ገፋና ጉድጓዱን ደፈነው። ኮቴውን በደረቅ አሸዋ ጠራርጎ ወደ እልልታው ወጣ።

በእርጥቤ አንድ የቆየ ልማድ አለ። ከሩቅ የመጣ እንግዳ፣ ወጥቶ የቆየ የአገር ልጅም ቢሆን፣ የተቀበለው ባለቤት በሸንጎ ፊት «ከእንግዲህ ቤተኛ ነህ» እስኪለው ድረስ ሥራ አይነካም። ከፍ ካለው ቦታ ይቀመጣል፣ ከሣሩ ለምለሙ ይቀርብለታል። ማንም እንግዳን አይነካም። እንግዳ የነካ ዘሩ ይጠፋል ተብሎ ይፈራልና አያ ጅቦ እንኳ እንግዳ በልቶ አያውቅም። ልማዱን ያወጡት አባቶች ደጎች ነበሩ፤ ደክሞት የመጣ መንገደኛ ይረፍ ብለው ነው። ይህ ደግ ልማድ ጅብ እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ግን አላሰቡም።

ዳልቻን ከፍ ካለው ቦታ አስቀመጡት። አያ ጅቦ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጃችን መጣልን!» አለ። ቀጥሎ የሚለውን ረስቶ ወደ ቀበሮ ዞረ። ቀበሮ በጆሮው ሹክ አለው። «አዎ፣ ክብር ይገባዋል! ለክብሩ ፍየል ይታረድ!»

«አያ ጅቦ፣ እኔ እኮ ሥጋ አልበላም» አለ ዳልቻ ደንግጦ።

«ዋናው ክብሩ ነው፣ ጋሽ ዳልቻ» አለ ቀበሮ ፈገግ ብሎ። «ማን እንደበላው ምን ያደርጋል?»

ፍየሉ ታረደ። የበላው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። አገሬው ከየጓሮው የለቃቀማት ሣር ደግሞ በዳልቻ ፊት ተከመረች። ዳልቻ እምቢ ማለት ነውር ሆነበት። በላ። እውነቱን ለመናገር፣ ጣፈጠው።

ሸንጎው ሲበተን ቦራ ቀረበችው። የጎድን አጥንቷ በቆዳዋ ላይ ይታያል። አንገቷን ባንገቱ ላይ ጣለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ እግሩን አሸተተች።

«ዳልቻዬ፣ እግርህ እርጥብ አፈር አፈር ይላል።»

ዳልቻ ሳቀ። «ከእታለም አፍንጫ የሚያመልጥ የለም። አዎ፣ አግኝቼዋለሁ። ውሃ አለ፣ እታለም! ከእግራችን ሥር ነው!»

«የት?»

«እሱን በምረቃው ቀን ታይዋለሽ።»

«የምን ምረቃ? አሁን አሳየኝ፣ አብረን እንቆፍር።»

«እንግዳ ነኝ እኮ። ቤተኛ ነህ ሳልባል ሥራ ብነካ ሽማግሌዎቹ ምን ይላሉ? ደግሞ ሁሉም በተሰበሰበበት ቢሆን ነው ደስ የሚለኝ። አባረው የሰደዱት አህያ ምን ይዞ እንደመጣ ይዩ።»

«ያባረረህ ጅቡ ነው። የተጠማነው እኛ ነን» አለች ቦራ።

ዳልቻ ቃሏ ወጋው። «ጥቂት ቀን ነው፣ እታለም፤ ምን አስቸኮለሽ?» አላትና ነገሩን አሳለፈው።

ጥቂት ቀን የተባለው ግን አላልቅ አለ። ዛሬ የአቀባበል በዓል ነው ተባለ፤ ፍየል ታረደ። ነገ ሽማግሌዎች ሊጠይቁት ይመጣሉ ተባለ፤ ፍየል ታረደ። ከዚያ ስለ ውሃው የሚመክር ሸንጎ ተጠራ፤ ሸንጎው ላይ ስለሚቀጥለው ሸንጎ ተመከረና ፍየል ታረደ። ዳልቻ በየቀኑ ከፍ ካለው ቦታ ይቀመጣል፣ ከየጓሮው የተለቀመለትን ሣር ይበላል፣ ስለ ግመሎች አገር ይጠየቃል፣ ይናገራል። ሲናገር ሁሉም ዝም ብሎ ይሰማዋል። ጀርባው ዳነ፤ ጠጉሩ አበራ፤ ሆዱ ወረደ። ኩሬዋ ደግሞ በየቀኑ ወደ መሃሏ እየሸሸች ዳር ዳሯ ተሰነጣጠቀ።

አንድ ጠዋት ቀንዷ የተሰበረ አሮጊት ፍየል በሩ ላይ ቆማ አገኛት።

«ደህና አደርክ፣ ልጄ» አለችው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እማማ። ምን ላድርግልዎ?»

«ምንም አታድርግልኝ። ክብርህን እንድትቀንስልኝ ነው የመጣሁት። ትልቋን ልጄን ለአቀባበልህ ወሰዷት። ታናሿን ለሸንጎህ። አሁን የቀረኝ አንድ ነው፤ ለምረቃህ ነው አሉኝ።»

ዳልቻ ሳይሰናበታት እንኳ በቀጥታ ወደ ኩሬዋ ሮጠ። ሲሮጥ ማለክለኩን ያኔ ነው ያወቀው።

«አያ ጅቦ! በቃ፣ ዛሬ ቤተኛ ነህ በሉኝ። ልቆፍር።»

አያ ጅቦ አጥንት እየጋጠ ነበር። «ምን አጣህ?» አለ።

«እኔ ምንም አላጣሁም። አገሬው ነው እያለቀ ያለው!»

ቀበሮ ፈጠን ብሎ መሃል ገባ። «ጋሽ ዳልቻ፣ ልክ ነዎት፤ እኔም ይሄንኑ ስል ነበር። ግን እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር ያለ ወጉ ቢጀመር ይበላሻል። ከላይኛው ሰፈር ያሉትም ሳይመጡ? እነሱ ሳያዩ? ትንሽ ይታገሡ። ስምዎ ለልጅ ልጅ የሚቀርበት ቀን ነው።»

ዳልቻ ያኔ ዞር ብሎ ወደ ጉቶው ቢሄድ ማን ይይዘው ነበር? ማንም። እንግዳን የሚነካ የለም። መንገዱ ክፍት ነው፣ ኮቴው አለ፣ ውሃው ከጉልበት አይርቅም። እሱ ግን ስምዎ የምትለዋን ቃል ሰማና አንገቱን ደፋ። «እንግዲያው ቶሎ ይሁን» ብሎ ተመለሰ። አሮጊቷ ፍየል አሁንም በሩ ላይ ነበረች። ምን እንደመለሱለት አልጠየቀችውም፤ ፊቱን አይታ ሄደች።

በዚያው ዕለት ልጇን ይዛ ጠፋች። የቀሩት ፍየሎችም ሲሰሙ ተከተሏት።

የምረቃው ቀን የመጣው ፍየል ካለቀ በኋላ ነው። ከሰዓት በኋላ እንስሳው ተሰበሰበ። ዳልቻ ከፍ ካለው ቦታ ተቀምጧል። ዛሬ ፊቱ ጠቁሯል፤ ጆሮው ወደ ወንዙ አሸዋ ነው። አያ ጅቦ ግራና ቀኝ አየ።

«ፍየሉስ?» አለ።

«አልቋል፣ አያ ጅቦ» አለ ቀበሮ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ምንም አይደል፣ ዛሬ ውሃው ይወጣል። ትንሽ ነው የሚቀረው።»

«ታዲያ ምን ልበላ ነው?»

«ይታገሡ እንጂ! ሣሩ ይበቅላል፣ ፍየሎቹም ይመለሳሉ።»

አያ ጅቦ ሣር ሲበቅል የመጠበቅ ትዕግሥት ኖሮት አያውቅም። ዳልቻን አየው። የሚያበራ ጠጉሩን አየ፣ የወረደ ሆዱን አየ። ጅብ ሞኝ ነው ትላላችሁ፤ ልክ ናችሁ። ለሆዱ ሲሆን ግን እሱም አንዳንድ ጊዜ ያስባል። እንግዳ አይነካም፤ ይህን ያውቃል። ቤተኛ የሆነውን ግን ምን ጊዜም ሲበላ ነው የኖረው። የዳልቻን እናት የበላትም ቤተኛ ስለሆነች ነው።

ብድግ አለ።

«ዳልቻ!» አለ። «ተነሥ!»

ዳልቻ ልቡ እየዘለለ ተነሣ። ያን ሁሉ ዘመን በጨው ሥር ሆኖ ያለማት ሰዓት መጣች።

«ከእንግዲህ ቤተኛ ነህ» አለው አያ ጅቦ።

እልልታው ቀለጠ። ዳልቻ እንባው መጣ። «ወገኖቼ፣ ተከተሉኝ፣ ቦታውን…» ብሎ ጀመረ።

ነገሩ መጀመሪያ የገባው ለቦራ ነው። «ዳልቻዬ፣ ሩጥ!» ብላ ጮኸች።

ዞረ። ሊሮጥ ሞከረ። በጨው ሸክም ዳገት የወጣው እግር ዛሬ የራሱን ሆድ መሸከም አቃተው። አያ ጅቦ ከኋላው ደረሰበት። ቀበሮ «ኧረ ውሃው! አያ ጅቦ፣ ኧረ ውሃውን ያሳየን!» እያለ ጅራቱን ይዞ ይጎትተው ነበር፤ የሚሰማው አላገኘም። ዳልቻ በወደቀበት እህቱን ፈለጋት፣ በዓይኑም አገኛት። ቦታውን ሊነግራት አፉን ከፈተ። ነገር ግን የደነገጠ አህያ ከአፉ የሚወጣው ማናፋት ብቻ ነው። አናፋ። ከዚያ ዝም አለ።

ሞቱን አላስረዝምባችሁም። ወፍራም ነበር፤ አያ ጅቦ ለረጅም ጊዜ ሲጠይቅ ለኖረው ጥያቄ መልስ አገኘ።

ብዙ የበላ ብዙ ይጠማዋል። አያ ጅቦ ከእንቅልፉ ሲነቃ ምላሱ ከላንቃው ተጣብቋል። ወደ ኩሬዋ ዞረ። ኩሬዋ ጭቃ ሆናለች።

«ቀበሮ!» አለ። «ውሃ!»

ቀበሮ ከሩቅ ሆኖ አየው። እርስዎ ማለቱን ተወ።

«ውሃውን ትናንት በላኸው» አለው።

ይህን ብሎ ተራራውን ይዞ ወጣ። ግመሎች አገር ደርሶ «አገሬ ተጎድታለች፣ የአገሬን ልጆች እርዱልኝ» እያለ ጨው እንደሚለምን ሰምቻለሁ። አያ ጅቦ ጭቃውን ሲልስ ሰነበተ፤ ጭቃውም ሲደርቅ እዚያው አፏ ላይ ተጋድሞ ቀረ። አሁን በእርግጥ ጠባቂ ነው፤ የሚጠበቅ ነገር ግን የለም።

ጠላታቸው ሞተ፣ ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር። ግን ጥም ጅብ ሞተ ብሎ አይለቅም። ቦራ «ወንድሜ ውሃውን አግኝቶት ነበር፤ እግሩ ሸትቶኛል» እያለች በወንዙ ላይና ታች ስትጭር ዋለች። ሌሎቹም አብረዋት ጫሩ። ወንዙ ረጅም ነው። የት እንደሆነ የሚያውቀው አንድ ብቻ ነበር። በመጨረሻ የቀሩት ሁሉ ለስደት ተነሡ። በአሸዋው መሃል አልፈው ከዋርካው ጉቶ ሲደርሱ ለማረፍ ቆሙ።

ቦራ ጉቶውን አየች። እንደ ልማዷ ጎንበስ ብላ ጫረች። ቁርጭምጭሚቷ እስኪገባ ጫረች። አሸዋው ደረቅ ነበር።

«እዚህም የለም» አለች።

ያንን ካለች በኋላ እንስሳው በጉቶው ጎን አልፎ፣ ያንኑ አሸዋ ረግጦ፣ ተራራውን ተሻገረ። ብዙዎቹ ዳገቱ ላይ ቀሩ።

ግመሎች አገር ሲደርሱ አንድ ሽማግሌ ግመል ከቦራ ፊት ቆመ። ፊቷን አይቶ ማን እንደሆነች አወቀ።

«የአጭሩ እህት አይደለሽም?» አላት። «ቆፈረ?»

«ሊቆፍር ነበር» አለች ቦራ።

አባ ግመል ዓይኑን ጨፈነ። «የደረስክ ዕለት ብዬው ነበር» አለ። «ላይኛው አሸዋ ምንጊዜም ደረቅ ነው ብዬው ነበር። ጉልበት እስኪገባ ነው እንጂ።»

«ጉልበት?» አለች ቦራ።

ወደ ኮቴዋ ዝቅ ብላ አየች። ከዋርካው ጉቶ ሥር የጫረችውን፣ ቁርጭምጭሚቷ ብቻ የገባበትን ጉድጓድ አሰበች። የወንድሟ እግር ሽታ ከአፍንጫዋ ገባ። ወዲያው ወደ ተራራው ዞረች፤ ነገር ግን ዳገቱ ጨርሷት ነበርና እዚያው ቁጭ አለች።

«እመለሳለሁ» አለች። «ትንሽ ብርታት ላግኝ እንጂ እመለሳለሁ። ቦታውን አሁን አውቄዋለሁ። እርጥቤን እናለማታለን።»

ግመሎቹ በማግስቱ «አጭሯ፣ ነይ!» ብለው ጠሯትና ጨው ጫኑባት።

ከዚህ የምንማረው፣ ለአገሩ በጎ ነገር ይዞ የተመለሰ ሁሉ እልልታው እስኪያልቅና ፈቃዱ እስኪመጣ ድረስ ከጠበቀ፣ ያን በጎ ነገር ለማንም ሳያሳይ ይዞት እንደሚሞት ነው።